በጆሮ ያነበብነው ልብወለድ

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ገልጦ በእርጋታ ያየ ሰው፣ ታሪኩ ውስጥ ሳይገባ አንድ ነገር ያስተውላል። አንዳንዶቹ ፊደሎች ራሳቸው ላይ ነጥብ ተቀምጦባቸዋል። የማተሚያ ቤት ጉድፍ አይደለም። ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ከሚላላው ለመለየት ደራሲው አስበው ያኖሩት ምልክት ነው። በአማርኛ ሲነገር የሚሰማ፣ ሲጻፍ ግን የማይታይ ነገር አለ፤ «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የልደት በዓል ይሆናል። ሌሎች ጸሐፊዎች «አንባቢው ከአገባቡ ይረዳዋል» ብለው የተዉትን ጉዳይ፣ ሐዲስ ከአምስት መቶ ገጽ በሚበልጥ መጽሐፍ ውስጥ በነጥብ ሊያሳዩ ደከሙበት። ልምዱ ተከታይ አላገኘም፤ ዛሬ እንደዚያ የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል።

ያ ነጥብ ስለ ሰውየው አስተዳደግ ብዙ ይናገራል። ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ፤ የቤተ ክህነት ትምህርታቸውንም በዚያው በጎጃም ደብሮች ተማሩ። የአብነት ትምህርት ደግሞ ከሁሉ በፊት የጆሮ ትምህርት ነው። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ፊደል ስለለየ ብቻ አንባቢ አይባልም፤ ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ተጣይ ይሁን ሰያፍ ለይቶ፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ ካላነበበ የኔታ እዚያው ያስቆሙታል። ቅኔ ቤት ሲደርስ ነገሩ ይብስበታል። አንዲት ፊደል መጥበቅ ሲገባት ከላላች ወርቁ ይጠፋና ሰሙ ብቻ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው፣ ኋላ ሚኒስትርና አምባሳደር ቢሆንም፣ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ድምፁ የጎደለው ሆኖ ቢታየው አይገርምም።

መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከመቶ ኢትዮጵያዊ ማንበብና መጻፍ የሚችለው አሥር ሰው እንኳ አይሞላም ነበር። የማንኩሳና የዲማን ገበሬ፣ ደብተራ፣ ገረድና አሽከር የሚያናግረው መጽሐፍ፣ እነዚያው ሰዎች ዘንድ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። መንገዱ የተከፈተው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የከፈተውም አንድ ተዋናይ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ልብወለዱን ከዳር እስከ ዳር ተረከው። ከገጸ ባሕርያቱ ፊታውራሪ መሸሻ የሚያስገመግም ድምፅ አገኙ፣ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የታፈነ፣ ጉዱ ካሳ የሚቸኩልና የሚስቅ። ነጥቦቹ በወረቀት ላይ ያልተሳካላቸውን የወጋየሁ ጉሮሮ ፈጸመው።

እኔም መጽሐፉን ያወቅሁት በዚያ ድምፅ ነው። ያደግሁት አያቴ ቤት ነው። ሬድዮናችን ዳንቴል ለብሳ በቁም ሣጥኑ ላይ ትቀመጣለች፤ ዳንቴሉ የሚነሳው ዜና ወይም ትረካ ሲኖር ብቻ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አያቴ አውጥታ ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ወጋየሁን እስከ መጨረሻው ያደርስልናል፣ አንዳንድ ጊዜም ሳያደርሰው ቀርቶ ሰብለን ከነጭንቀቷ ጨለማ ውስጥ ጥሎብን ይሄዳል። ጎረቤቶች የየራሳቸውን በርጩማ ይዘው ይመጣሉ። አያቴ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች። የሰብለ ፍቅረኛ በዛብህ ሲናገር እንዝርቱ ይፈጥናል፣ ፊታውራሪ ሲቆጡ ይቆማል።

ሰሚዎቹ ዝም ብለው አይሰሙም ነበር። ትረካውን ይመልሱለታል፣ ይረግሙታል፣ ይመርቁታል። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን የበዛብህን እናት ክፉኛ ወቀሰቻት። ለማያስታውስ፦ በዛብህ በልጅነቱ ታሞ ሞት አፋፍ ሲደርስ፣ ወላጆቹ ከዳነ ዕድሜውን ሙሉ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል፣ ሚስት እንዳያገባ ተስለውበታል። ልጁ ይድናል። ስለቱም አብሮት ያድጋል። «ልጇን በገዛ አፏ አሰረችው» አለች ጎረቤታችን። አያቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኛችና «ምን ታድርግ? ልጇ ሊሞትባት ነው እኮ» አለች። ከዚያ ሌላ ምንም አላለችም። ክር ማውጣቷን ቀጠለች።

ስለዚህ መጽሐፍ ከተጻፉት ትንታኔዎች ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያንን የአያቴን መልስ የሚያህል አላገኘሁም። ሰዎች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የፍቅር መጽሐፍ ነው ይሉታል፤ ርዕሱም ይረዳቸዋል። የደሃው ልጅ በዛብህ በዲማ ጊዮርጊስ ተምሮ፣ በድምፁና በቅኔው ስም አውጥቶ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ይገባል፤ ይዋደዳሉ፤ አይሆንላቸውም። ታሪኩ ይኸው ነው። ግን ልብ ብሎ ለሰማው፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱን ልጆች የሚያጠፋ አንድ ጨካኝ ሰው የለም። እናት የተሳለችው ስለምትወደው ነው። አባት ጠያቂዎቹን ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እያለ የመለሰው ልጁን ያከበረ መስሎት ነው፤ ልጅቱ የማግቢያዋ ዕድሜ አልፎ ቤት ስትቀር የሚያዝነውም እሱው ነው። ቄሱ፣ ደብተራው፣ ዘመዱ፣ ሁሉም የሚያደርገው አባቶቹ ያደረጉትን ነው። እያንዳንዱ ሰው በየድርሻው ጨዋ ሆኖ ሳለ፣ ድምሩ ሁለት ሬሳ ይወጣዋል።

እኔ ዓለምን የማይበት መነጽር ከዚህ ነው የተሠራው። አንድ ቤት ሲፈርስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሰው ሲያጉላላ፣ አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን አንገቷን ደፍታ ስትኖር፣ ዓይኔ ቶሎ ብሎ ጥፋተኛ ሰው አይፈልግም። መጀመሪያ «እዚህ ቤት ሁሉም ሰው የሚታዘዘው፣ ማንም ግን ያላወጣው ሕግ የትኛው ነው?» እላለሁ። ይህ አመለካከት ጉዳት አለው፤ ለበዳይ ማምለጫ ቀዳዳ ይከፍታል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ሐዲስ ግን ቀዳዳውን በደንብ ደፍነውታል ባይ ነኝ። ፊታውራሪ መሸሻን ስናያቸው እንስቃለን፣ አንዳንዴም እናዝንላቸዋለን፤ በባላገሩ ላይ ሲዘምቱ ግን ደራሲው አያዝኑላቸውም።

ይህን ሁሉ በልብወለዱ ውስጥ ቁልጭ አድርጎ የሚያየው አንድ ሰው ነው። ካሳ ዳምጤ ይባላል። የፊታውራሪ ዘመድ ነው፣ የተማረ ነው፣ ቅኔ አዋቂ ነው። ሰው በዘሩ አይከበርም፣ ልማድም እንደማንኛውም የሰው ሥራ ይመረመራል ይላል። እንዲህ በማለቱ ስሙ ተቀማና «ጉዱ» ተባለ። ሐዲስ እዚህ ላይ የሠሩት ሥራ ብልሃት ያለው ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ራሳቸው የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ሆነው፣ የባላባቱን ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅል ንግግር በእብድ አፍ አስቀመጡት። እብድ የተናገረውን ማን ይከሰዋል? የፊታውራሪ ቤተ ዘመድ ይስቅበታል፣ አንባቢው ግን ማን እብድ ማን ጤነኛ እንደሆነ እየቆየ ይምታታበታል።

ጉዱ ካሳ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ይሰብካል። አንዳንዱ ንግግሩ ገጽ ገጽ ያልፋል፤ ሐዲስም የሰውየውን አፍ ተውሰው ራሳቸው የሚናገሩበት ቦታ አለ። ወጋየሁ ባይተርከው ኖሮ በልጅነቴ እነዚያን ምንባቦች ታግሼ እሰማቸው ነበር ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ። የበዛብህ ፍጻሜም፣ ሰብለን ሊያገኝ ሲገሰግስ በሽፍቶች እጅ መውደቁ፣ ለእኔ ትንሽ የታቀደ ይመስለኛል። ሰብለ ግን ሰዎች እንደሚሏት አልቃሻ ብቻ አይደለችም። የፊታውራሪን ቤት ትታ፣ የእመቤትነት ልብሷን ጥላ፣ የምትወደውን ፍለጋ የአባይን በረሃ የወረደችው እሷ ናት። 

ከካሳ ጎን ሌላ ሰው አለ፤ ብዙ አንባቢ ስሙን ቶሎ ይረሳዋል። አበጀ በለው ይባላል። ባላገር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው ግብር በላይ ሲጠይቁ ባላገሩ እምቢ ይላል፤ ፊታውራሪም ጦር ሰብስበው በገዛ ባላገራቸው ላይ ይዘምታሉ። ይሸነፋሉ። አበጀ ማርኮ ይዟቸው ይሄዳል። ካሳ በብዙ ገጽ ያስረዳውን አበጀ በአንድ ሌሊት ያደርገዋል፣ ያውም ብዙ ሳይናገር።

ይህ ምዕራፍ እንዴት እንደሚያስቅ በሬድዮ የሰማ ያውቃል። ከሳቁ ሥር ያለው ግን የጎጃም የመሬት ታሪክ ነው። በጎጃም ገበሬው በትውልድ የሚወርሰው ርስት ነበረው፤ በዚያ ርስት ላይ ግን ጉልተኛ ይሾምበታል። ለጉልተኛው አሥራት ይሰጣል፣ ሁዳዱን ያርሳል፣ በዓል ሲመጣ እጅ መንሻ ይዞ ደጅ ይጠናል። የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ደግሞ «በፈቃድ የሚቀርብ» መተያያ እንደሆነ ድንበሩ አልተሠመረም፤ ጉልተኛው አንድ ዓመት በፈቃድ የተቀበለውን በሚቀጥለው ዓመት እንደ መብቱ ይጠይቃል። የፊታውራሪ መሸሻና የባላገሩ ጠብ የሚነሳው ከዚህች ስንጥቅ ነው።

ሐዲስ ይህን ሲጽፉ ስለ ጥንት ዘመን የሚያወሩ ይመስላሉ፤ ታሪኩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የሆነ ነውና። አጠገባቸው የሚሆነውን ግን ልብ ይሏል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በወጣበት በ1958 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ የጉልት መብትን በአዋጅ ሻረ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፣ በመጨረሻ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የተወዘፈውን ግብር ለመማር ተገደዱ። አመፁን ያነሳሳው መጽሐፉ ነው የሚል ሰው ቢኖር አላምነውም፤ የሞጣና የዳሞት ገበሬ ልብወለድ አላነበበም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሐዲስ ያንን ገበሬ ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ አበጀን ሲስሉ እምቢታው ከየት እንደሚመጣ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን፣ የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነት ሰው በአገሩ ላይ መቆሚያ አጣ።

መጽሐፉ ግን አልቆመም። የወጋየሁ ትረካ ከሬድዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ዩቲዩብ ተሻገረ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ አንድ ዘመዴ ሌሊት አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ የሚሰማው እሱን ነው። መስኮቱን ዘግቶ፣ ወንበሩን አስተኝቶ፣ ተሳፋሪ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከታሪኩ የቀረ ነገር እንዳለው ሁሉ ተሳፋሪው ሲወርድ ወደ ኋላ መልሶ ይሰማል። ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። «ታዲያ ምን ይጠቅምሃል?» ስለው «አማርኛውን እኮ ነው የምሰማው» አለኝ። በቅርቡ ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል፤ በዚያ ላይ ያለው ክርክር አላለቀም፤ ሰው ሁሉ «የኔ ካሳ እንዲህ አይመስልም» ይላል። እንዴት ይምሰል? ካሳን በዓይኑ ያየው የለም። ሁላችንም ያወቅነው በጆሮ ነው።

«ጉዱ ካሳ» የሚለው ስም ከመጽሐፉ ወጥቶ ቋንቋው ውስጥ መግባቱን ያየሁት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አጎቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ሽማግሌዎች ተልከዋል። የአጎቴን ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት። እንደ ወጉ መጀመሪያ አልተቀመጡም፤ «ተቀመጡ»፣ «የለም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም»፣ «ኧረ ተቀመጡ» ተባለ። ከዚያ ተቀመጡ። ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አጎቴ ወደሚጠብቁት ቦታ ደረሰ። «ልጁስ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

ሰባት ቤት መቁጠር ምክንያት አለው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። አዛውንቶቹ ሲቆጥሩ ግን ጥያቄው ሳይታወቅ መልኩን ይቀይራል። ዝምድና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላም ቆጠራው ቀጠለ። የልጁ አባት ይታወቃሉ፣ የተከበሩ መምህር ናቸው። አያትየውስ? አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። አያትየው ብረት ሠሪ ነበሩ። ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። በዚያ ቤት ያለ ማረሻ በተገኘ እህል ያደገ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሳሎኑ ቀዘቀዘ፤ አክስቴ የቡናውን ረከቦት ወደ ራሷ ሳበች።

ያኔ የአክስቴ ልጅ ተናገረች። ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቁጭ ካለችበት ሳትነሳ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማረሻ መሥራት ምን ነውር አለው? እርስዎስ ቢሆኑ ልጁን እንጂ አያቱን ሊድሩላት ነው እንዴ?» አለች። ማንም ምላሽ ከመስጠቱ በፊት ከጥጉ አንድ ድምፅ «ጉዱ ካሳ መጣች!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳቁ ነገሩን አለዘበው፣ ጥያቄዋንም አብሮ ጠራርጎ ወሰደው። አንድን ሰው «ጉዱ ካሳ» ማለት ብልህ ነህ ማለትም ነው፣ አፍህን ያዝ ማለትም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ካሳ ላይ የተሠራው ሥራ፣ በስሙ ሌሎች ላይ እየተሠራ ነው።

አጎቴ ይህን መጽሐፍ የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ አይከነክነኝም ነበር። አጎቴ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በፍቅር የሚያነቡ ሰው ናቸው። ጀርባው የተገነጠለና በፕላስተር የተጣበቀ ቅጂያቸው አልጋቸው ራስጌ ላይ አለ። ወጋየሁ የበዛብህን ሞት ሲተርክ፣ እኚህ ቁጡ ሰው መሐረባቸውን ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ለመመካከር ወደ በረንዳ ወጣ ሲሉ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ፊታውራሪ መሸሻን እንዲያ ሲረግሙ አልነበር እንዴ? እሳቸውም እኮ የጠየቁት ይህንኑ ነው» አልኳቸው።

አጎቴ ቅር አላቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሱ እኮ መጽሐፍ ነው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹም በእናቱ በኩል ያለውን ቆጥረው እንዲመለሱ ቀጠሮ ተሰጣቸው።